የእትዬ ቁልፍ

ጥቅምት 4

ወንድምዓለም፣

እንደምን ሰነበትክ? እኛ ከቤታችን በር በስተቀር ሁላችንም ደህና ነን። የእማዬ እግር እንደ ድሮው ነው፤ አፏ ግን ከድሮውም ብሶበታል፣ ስለዚህ አታስብ። ይህን ሁሉ በስልክ የማልነግርህ ስልኩ እማዬ ራስጌ ስለሆነና እሷ ደግሞ የሰማችውን ለሰፈር ስለምታከፋፍል ነው።

ስለ በሩ ጠይቀኸኛል። አዎ፣ አሁንም አንተ ትተኸው የሄድከው የእንጨት በር ነው። ቁልፉም ሦስት ነው፤ አንዱ እኔ ቦርሳ ውስጥ፣ አንዱ አንተ ጋ፣ አንዱ ግድግዳ የምንጋራቸው እትዬ ቤት። እኔ ስፌት ቤት ስውል የእማዬን ምሳና መድኃኒት የሚሰጧት እሳቸው ናቸው። ዛሬም በሳምንት ሦስት ቀን ክሊኒክ እየገቡ ያዋልዳሉ፤ ያን ቀን እንኳ በምሳ ሰዓት መጥተው ያይዋታል። እማዬ አንድ ነገር ከፈለገች ግድግዳውን በምርኩዟ ሦስቴ ትመታለች፣ እሳቸውም ከች ይላሉ። አያንኳኩም። አንተንም እኔንም በእጃቸው የተቀበሉ ሴት ምን ብለው ያንኳኩ?

ነገሩ ግን በዚህ ወር ብቻ ሦስት ቤት ተሰበረ። ሁሉም በቀን ነው፣ ሰው ሥራ በሚውልበት ሰዓት። የዳቦ ጋጋሪው ቴሌቪዥን ከነመደርደሪያው ሄደ። የሒሳብ አስተማሪውን ጫማ ሳይቀር ለቃቀሙት፤ ምስኪን፣ ሳምንቱን ሙሉ በነጠላ ጫማ ነው ሲያስተምር የሰነበተው። ሰዉ ፖሊስ ጠራ፣ ፖሊስ በማግስቱ መጣ። እማዬ በመስኮት ብቅ ብላ «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» አለች፣ ሳጅኑ እየሰማ። ሳጅኑ ግን አልተቆጣም። እንቅልፍ ያጣ ሰው ነው የሚመስለው። «እኛ ለዚህ ሁሉ ሰፈር ስድስት ነን። መኪናችን ጋራዥ ከገባች ወር አለፋት። እስክንደርስላችሁ ራሳችሁን ጠብቁ» ብሎ ደብተሩን አጥፎ ሄደ።

ራስን መጠበቅ ማለት ምን ማለት ነው? አንተ ዕድሜህን በር ስትበይድ የኖርክ ሰው ነህና ንገረኝ።

እህትህ መርፌ


ጥቅምት 21

መርፌዬ፣

ይኸው ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ጀምሮ እንቅልፍ አጣሁ። ሳጅኑ ያለውን ሳነበው መጀመሪያ ሳቅኩ፣ ቀጥሎ ተናደድኩ፣ ኋላ ደግሞ ሰውየው እውነቱን ነው አልኩ።

ስሚኝ፣ ሳይቃጠል በቅጠል ነው። እዚህ ወደብ ላይ ወርክሾፓችን በሳምንት አርባ በር ያወጣል፤ የሌባን ጠባይ ከፖሊስ ይልቅ እኔ አውቀዋለሁ። ሌባ ሰነፍ ነው። ያስቸገረውን በር ትቶ ወደሚቀጥለው ነው የሚሄደው። የበሩን ሥዕል ከዚህ ጋር ልኬልሻለሁ፣ ለሰፈሩ በያጅ ስጪው። ላሜራው ሁለት ሚሊ ይሁን በይው፤ ቆመሽ ካላየሽው ቀጭኑን ነው የሚገጥምልሽ። መስኮቶቹን በሙሉ ብረት አስገቢባቸው።

አዲሱን ቁልፍ ለማንም እንዳትሰጪ፣ ለእትዬም ቢሆን። እሳቸውን ጠርጥሬ አይደለም፣ አንደበቴ ይቆረጥ። ነገር ግን የጎረቤት ቁልፍ ሁሉ በራቸው ጀርባ ምስማር ላይ ተሰቅሎ እንደሚውል ሰፈሩ ያውቃል። የእሳቸው ቤት ተሰበረ ማለት የእኛም ተከፈተ ማለት ነው።

ሌላው፣ ጓሮ ትቼው የሄድኩት ወፍራም ፌሮ አለ፣ ክንድ የሚያህል ቁራጭ። ከዋናው በር ጀርባ አቁሚው። ቤትሽ ውስጥ ሰው ካገኘሽ እንዳትጮኺ፣ እንዳትጠይቂ። መጀመሪያ ምቺ፣ ከዚያ ማነህ በይ። ፖሊስ የሚመጣው ሊጽፍ ነው፤ ቤቱን የሚጠብቀው ባለቤቱ ነው። እዚያ ብሆን ይህን ሁሉ አልልሽም፣ ራሴ አደርገው ነበር። የለሁም። ስለዚህ አንቺ እኔን ሁኚልኝ።

ወንድምሽ


ኅዳር 6

ወንድምዓለም፣

በሩ ተገጠመ፣ ሁለት ሚሊ ነው፣ በያጁ ሲሠራ ከፊቱ በርጩማ ይዤ ተቀምጬ ነው ያየሁት። ሲዘጋ ድምፁ መንገድ ድረስ ይሰማል። እማዬ «ባንክ ውስጥ ነው እንዴ የምታስተኚኝ?» ትላለች። ፌሮህም ከበሩ ጀርባ ከጃንጥላው ጎን ቆሟል። አንዳንዴ ጃንጥላ ላወጣ ስል እሱ እጄ ላይ ይመጣል።

መስኮቶቹም ተጠናቀዋል፤ ከጓሮ በኩል ያለችው የኩሽናዋ ትንሽ መስኮት ብቻ ቀርታለች። ብረት አለቀብኝ ብሎ ቀጠሮ ሰጥቶኛል።

እትዬ ምን አሉ ትል ይሆናል። ብነግርህ ታፍራለህ። ቁልፉ መቀየሩን ልነግራቸው አስቤ ነበር። ዛሬ ነገ ስል በምሳ ሰዓት በአሮጌው ቁልፍ ሊገቡ መጡ። እማዬ ከአልጋዋ ሆና ቁልፉ ሲቧጥጥ ትሰማ ነበር፤ ብዙ ጊዜ ሞከሩ አለችኝ። ማታ ከሥራ ስመለስ ደጄ ላይ ቆመው አገኘኋቸው። «ይሄ እኮ አልገባ አለኝ» አሉኝ። «ወንድሜ ነው፣ ለማንም እንዳትሰጪ ብሎ» አልኩ፣ ባንተ ላይ አላክኬ። ቁልፉን መዳፌ ላይ አስቀመጡና «ልክ ነው። እንግዲያው ምስማሬ ባዶውን ይዋል» ብለው ገቡ።

አሁን የእማዬን ምሳ በመኝታ ቤቱ መስኮት በብረቶቹ መሀል ነው የሚያቀብሏት። ሰሐን ስለማያሳልፍ በኩባያ አድርገውታል።

መርፌ


ኅዳር 25

ወንድምዓለም፣

ደህና ነን። እማዬ ከአልጋ ወድቃ ነበር፣ ምንም አልሆነችም። ሌባ ገባ። በኩሽናዋ መስኮት ነው። እትዬ እኛ ቤት ውስጥ ነበሩ፣ ሌባው ያን ፌሮ አንስቶ እጃቸውን መታቸውና አመለጠ። ፖሊስ በአሥር ደቂቃ ውስጥ ደረሰ፣ መኪናዋ ከጋራዥ ወጥታለች። እትዬ ሆስፒታል ናቸው። ስለዚህ ነገር በስልክ እንዳትጠይቀኝ፤ አደራህን።

እህትህ


ታኅሣሥ 9

መርፌዬ፣

እግዜር ያተረፋችሁ! እኔ ምን አልኩሽ? አንዲት መስኮት ቀረች፣ በእሷ ገባ። ያን በያጅ ባገኘው በገዛ ብረቱ ነበር የማስረው።

ይህን ጽፌ ለመላክ ካሸግኩት በኋላ ግን መልሼ ከፈትኩት። ሥራዬ ሆነና ሰው እንዴት ቤት እንደሚገባ ሳላስብ አላድርም። ፌሮው ከዋናው በር ጀርባ ነው የቆመው። ሌባው የገባው ከጓሮ ነው። እትዬን ለመምታት ሳሎኑን አቋርጦ እስከ በሩ መሄድ፣ ከጃንጥላው ጎን ፈልጎ ማንሳትና ተመልሶ መምጣት አለበት። ጊዜ ያለው ሌባ ነው? ደግሞስ ቁልፍ የሌላቸው እትዬ በየት ገብተው ነው ቤት ውስጥ የተገኙት?

ፌሮውን የሚያገኘው በዋናው በር የገባ ሰው ነው። የዚያ በር ቁልፍ ያለው አንድ ሰው ነው።

እኅቴ፣ ምን ደርሶብሽ ነው? አልቆጣሽም።

ወንድምሽ


ታኅሣሥ 24

ወንድምዓለም፣

ደብዳቤህን ስፌት ቤት ሽንት ቤት ውስጥ ተደብቄ ነው ያነበብኩት። ሳጅኑን አታለልኩ፣ አንተን ግን አልቻልኩም።

የዚያን ቀን ስፌት ቤት መብራት ጠፋና ከቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ አሰናበቱን። ዝናብ ነበር። በሩን ከፍቼ ስገባ ከእማዬ ክፍል መንኮሻኮሽና ማቃሰት ሰማሁ። ፌሮውን አነሳሁ። ኮፍያ ያለው የዝናብ ካፖርት የለበሰ ሰው ጀርባውን ሰጥቶኝ እማዬ ላይ ጎንበስ ብሏል። አልጮህኩም፣ አልጠየቅኩም። ልክ እንዳልከኝ ነው ያደረግኩት። ሲሰማኝ ዞር አለና እጁን አነሳ፣ ፌሮው ያረፈውም እጁ ላይ ነው። ፊታቸውን ያየሁት ከዚያ በኋላ ነው።

እማዬ መድኃኒቷን ላነሳ ስትል በአልጋውና በግድግዳው መሀል ወድቃ ነበር። ሦስቴ መታች፣ እንደገና ሦስቴ መታች። እትዬ በሩን ቢገፉት፣ መስኮቱን ቢነቀንቁት፣ ወዲያ ወዲህ የሚል የለም፤ አንተ የሣልከው በር ነው። በስልሳ አምስት ዓመታቸው ጓሮ በርሜል ላይ ወጥተው የኩሽናዋን መስኮት ሰብረው ገቡ። ከመታኋቸው በኋላ መጀመሪያ ያሉኝ ምን እንደሆነ ታውቃለህ? «እናትሽን አንሺ» ነው ያሉኝ።

እማዬን አነሳኋት። ከዚያ ስልኩን አንስቼ ለፖሊስ «ሌባ ገብቶ ሰው መታ» አልኩ። ለምን እንዲህ እንዳልኩ እስካሁን አላውቅም። አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። ሁለቱም ሰምተውኛል፣ ሁለቱም ዝም አሉ። ያቺ አፏ የማያርፈው እማዬ ከዚያ ቀን ወዲህ ለእኔ የምትለው «ውሃ» ብቻ ነው።

በዚህ ላይ ሌባው ተያዘ። ገበያ ውስጥ ዕቃ የሚሸከም ሰው ነው፣ የአስተማሪውን ጫማ ተጫምቶ ተገኘ። ሦስቱን ቤት አምኗል። የእኛንም ጨምረውበታል። «የሰረቅኩትን ሰርቄያለሁ፣ አሮጊት ግን አልመታሁም፣ እኔም እናት አለችኝ» እያለ ይምላል አሉ። የሚያምነው የለም። ሌባ ሲምል ማን ያምናል?

ምን ላድርግ?

እህትህ


ጥር 8

እኅቴ፣

ዝም በይ። እትዬ ዝም ካሉ አንቺም ዝም በይ። ሰውየው ሌባ ነው፤ የእኛ ተጨመረበት አልተጨመረበት መታሰሩ አይቀርም። ዛሬ ባይመታ ነገ የሚመታ ሰው ነው። አንቺ ብትታሰሪ እማዬን ማን ያነሳታል? እኔ ውል አለብኝ፣ ጥዬ ልመጣ አልችልም። አንቺ ሆን ብለሽ አላደረግሽውም፣ ቤትሽን ነው የጠበቅሽው።

የጥቅምቱን ደብዳቤዬን አቃጥይው። ይህንንም።


ጥር 26

ወንድምዓለም፣

እንደምን ከረምክ? ሰላምታ ሳትጽፍልኝ የላክኸው የመጀመሪያ ደብዳቤህ ነው። ስምህንም ከታች አላኖርክም።

እማዬን ማን ያነሳታል ብለሃል። በዚህ ሰበብ አሥር ቀን ዝም አልኩ፤ ሰበቡ ደግሞ እውነት ስለሆነ ይመቻል። በአሥራ አንደኛው ቀን እትዬ ዘንድ ገባሁ። እጃቸው ውስጥ ብረት አስገብተውበታል፣ አራት ብሎን አለው አሉኝ። ሁለቱ ጣቶቻቸው አይታጠፉም። ሕፃን መቀበል ቀርቶ ቁልፍ ጨብጠው ማዞር አይችሉም። ክሊኒኩ በጡረታ ሸኛቸው። ሲነግሩኝ በግራ እጃቸው ቀኙን እያሻሹ ነበር።

«ለምን ዝም አሉ፣ እትዬ?» አልኳቸው።

«ልሸፍንሽ መስሎሽ ነው? የእኔ ልጅ፣ እኔ ከተናገርኩት ክስ ነው። አንቺ ከተናገርሽው ግን ሰውነትሽ ይተርፍሻል። ያን ብዬ ጠበቅኩሽ። ነገር ግን ሰውየው ባልሠራው ሥራ ተቀምጧል፤ እሱም እናት አለችው። ከሰኞ በላይ አልጠብቅሽም» አሉኝ።

ይህን ያሉኝ ሐሙስ ነው። ዓርብ ጠዋት ለስፌት ቤቱ ታምሜያለሁ ብዬ ጣቢያ ሄድኩ፤ የመጨረሻዋ ውሸቴ እሷ ትሁን። ሳጅኑ ሁሉንም ከጻፈ በኋላ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «ራሳችሁን ጠብቁ ያልኩት እኔ ነበርኩ» አለ። «እሱንስ አይጽፉትም?» አልኩት። አልጻፈውም።

ደብዳቤህን አላቃጠልኩትም። ይዤውም አልሄድኩም። በር ላይ ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼው ነበር፣ ኋላ መልሼ መሳቢያ ውስጥ አኖርኩት። ወንድሜ ነው ያዘዘኝ የሚለውን አንድ ጊዜ እትዬ ፊት ብዬዋለሁ፣ አልጠቀመኝም። አንተ አልከኝ፣ ያደረግኩት ግን እኔ ነኝ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ለእኔ ነው፤ ለቴሌቪዥን ብዬ እትዬን ጣልኩ። እኔን ሁኚልኝ ብለኸኝ ነበር፣ ሆንኩልህ። ከዚህ በኋላ ግን ይቅርብኝ።

ለፍርድ ቤት ቀጠሮ ተሰጥቶኛል። ደግ ይግጠምህ።

እህትህ


የካቲት 12

እህትዓለም፣

እንደምን ነሽ? እማዬስ እንዴት ናት? እትዬስ? ሰላምታዬን አንድ በአንድ አድርሺልኝ፣ ዕዳ አለብኝ።

ይህን ደብዳቤ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ቀደድኩት። አቃጥይው ያልኩሽን ሳስብ እፍረቱ ሥራ ቦታ ላይ ሳይቀር ይመጣብኛል፤ የመበየጃውን መከለያ ፊቴ ላይ አድርጌ አልቅሻለሁ፣ ማንም አላየኝም። ፈሪ ነበርኩ። ከሩቅ ሆኖ ምቺ ማለት ምን ይከብዳል? የጥቅምቱን ደብዳቤ ለዳኛው ስጪው። የጥር ወሩንም ስጪው። ያኔ ያላኖርኩትን ስሜን አሁን በእጄ ጽፌ ለፍርድ ቤቱ ሌላ ወረቀት አሽጌልሻለሁ፤ እዚያ ውስጥ ያዘዝኳት እኔ ነኝ ብያለሁ። አንቺ አልፈልግም ብትዪም እኔ እፈልገዋለሁ። የራሴን ድርሻ አትንፈጊኝ።

ለእትዬ ልጽፍ ተቀምጬ «ይድረስ ለእትዬ» ከሚለው አላለፍኩም። እኔ የማውቀው ሰው እንዳይገባ ማድረግ ነው፤ ሰው እንዲገባ የሚደረግበትን ሙያ አልተማርኩም። ከሥራ ሰዓት ውጪ ቁጭ ብዬ ለዋናው በር አንድ እጀታ ሠርቼ ከዚህ ጋር ልኬልሻለሁ፣ ሆስፒታል በሮች ላይ እንዳለው ዓይነት፣ በክርን ጫን ሲሉት የሚከፈት። ጣት አይፈልግም፣ ቁልፍም አይፈልግም። ማታ ማታ ከውስጥ የምትዘጊበት መቀርቀሪያ አለው፣ ቀን ግን ክፍት ነው። ሌባም በክርኑ ሊከፍተው ይችላል፤ አውቄ ነው የሠራሁት።

ወንድምሽ


መጋቢት 22

ወንድምዓለም፣

ጤናህ እንዴት ነው? ዓይንህን ጠብቅ፤ በመከለያው ውስጥ ማልቀስ ለበያጅ ደግ አይመስለኝም።

ሁሉንም በተራ ልንገርህ። ስድስት ወር ተፈረደብኝ፣ በገደብ፤ ካላጠፋሁ አልታሰርም። እትዬ ቆመው ለምነውልኛል። ወረቀትህን ዳኛው አንብበው መዝገቡ ውስጥ አስገቡት። ሸካሚው ለሦስቱ ቤት ተቀጣ፣ የእኛ ተነሳለት። ስንወጣ ኮሪደሩ ላይ እናቱን አየኋት። ሰላም ልላት ፈልጌ ወደ ግድግዳው ተጠጋሁ፤ እሷ ግን ጎንበስ ብላ ሰላም አለችኝ። ማን እንደሆንኩ ነግረዋት እንደሆነ አላውቅም።

እማዬ ማውራት ጀምራለች። የመጀመሪያው ቃሏ «የድሮው በር እኮ ሲዘጋ አይጮህም ነበር» የሚል ነው። ስድብ ቢሆንም ደስ አለኝ።

እጀታህን በያጁ ገጠመልን። እትዬ ወደዱት ወይ ትል ይሆናል። ይሠራል። በክርናቸው ጫን ሲያደርጉት ያለ ድካም ይከፈታል። ምሳም በሰሐን መሆን ጀምሯል። አሮጌውን ቁልፍ ግን መልሼ ልሰጣቸው ብል አልተቀበሉኝም፤ «አሁን ምን ይከፍትልኛል?» ብለው ሳቁ። ምስማሩ ባዶውን አለ።

አንድ ነገር ብቻ ልንገርህና ላብቃ። ትናንት እሑድ ስለሆነ ቤት ነበርኩ። እማዬ ግድግዳውን ሦስቴ መታች። ወዲያው፣ እትዬ ገና ከራሳቸው በር ሳይወጡ፣ ድምፃቸውን ሰማሁ። «እኔ ነኝ! እኔ ነኝ!» ይላሉ፣ መንገደኛው ሁሉ እየሰማ። ደጃችን ሲደርሱ ደግሞ ቆም ብለው «እኔ ነኝ የእኔ ልጅ፣ ልገባ ነው» አሉ። ሥራ በምውልበት ቀንም እንዲሁ እንደሚሉ እማዬ ነገረችኝ። ይህን ያህል ዘመን አንድ ቀን አንኳኩተው የማያውቁ ሴት ናቸው።

እኔም ከጓዳ ሆኜ «ይግቡ እትዬ» አልኩ። እጀታው ቀጭ አለና ገቡ።

እህትህ